በጦርነት ዘመን ጭነትዎን በምን ይልካሉ? የ1780 የለንደን ነጋዴ ምርጫዎች ሲነጻጸሩ

ጁን 1780 ነው እንበል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እርስዎ የለንደን ነጋዴ ነዎት፤ ቴምዝ ወንዝ ዳር በሚገኝ መጋዘን ወደ ጃማይካ የሚሄድ 5,000 ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃ አስቀምጠዋል። የማንችስተር ጨርቅ አለ፤ የበርሚንግሃም ምስማርና መቆፈሪያ አለ፤ በበርሜል የታሸገ የአየርላንድ ጨዋማ ሥጋም አለ። የመቆፈሪያው ተጠቃሚ በስኳር እርሻ ላይ በባርነት የሚሠራ ሰው ነው። የዚያ ዘመን ነጋዴ ይህን በመዝገቡ አይጽፍም ነበር፤ እኛ ግን እያወቅን ማለፍ የለብንም።

ባሕሩ ክፉ ነው። የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከ1775 ጀምረው እየተዋጉ ነው፤ ፈረንሳይ በ1778፣ ስፔን በ1779 ገብታለች፤ ሆላንድም ዓመቱ ሳያልቅ ትጨመራለች። መርከብዎን አንዱ ካልያዘው ሌላው ይይዘዋል። ታዲያ ዕቃው እንዴት ይሂድ? ከዚህ በታች ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ አወዳድራለሁ። ከወዲሁ ልናገርና፣ ብዙዎች የሚሳሳቱት አንዱን መከላከያ ከሌላው በማበላለጥ አይደለም። ሁለት መከላከያ ያላቸው ይመስላቸዋል፤ በክፉ ቀን ግን ሁለቱ አንድ ሆነው ይገኛሉ።

በኮንቮይ ወይስ ብቻን መሮጥ?

ለእኛ አገር አንባቢ ኮንቮይ ምን እንደሆነ ማስረዳት ድካም ነው። ሲራራ ነጋዴው ሽፍታ ያለበትን በረሃ የሚያቋርጠው በቅፍለት ነበር፤ ነጋድራሱ ካልተነሣ የሚነሣ የለም። የእንግሊዝም የባሕር ቅፍለት ከዚህ ብዙ አይለይም። ልዩነቱ፣ መሪው የንጉሡ የጦር መርከብ አዛዥ መሆኑና ለጥበቃው ገንዘብ አለመጠየቁ ነው። ዋጋውን የሚያስከፍልዎት በጊዜ ነው።

መርከብዎ ከፖርትስማውዝ ፊት ለፊት ስፒትሄድ በሚባለው ማረፊያ መልሕቅ ይጥላል። ይጠብቃል። መጀመሪያ ነፋሱ እስኪዞር፣ ቀጥሎ የዘገዩት መርከቦች እስኪደርሱ፣ ከዚያ ደግሞ አጃቢው ስንቁን እስኪጭን። ሳምንታት ያልፋሉ፤ መርከበኛው በወር ይከፈለዋል፣ ይበላል። ደመወዙም የሰላም ጊዜ ደመወዝ አይደለም። በሰላም ቀን በወር ከ25 እስከ 30 ሽልንግ የሚቀበል መርከበኛ በጦርነት ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም የባሕር ኃይሉ ያገኘውን ሁሉ አፍሶ ወስዶታል። ጉዞው ሲጀመር ደግሞ ፍጥነትዎ የቀርፋፋዋ መርከብ ፍጥነት ነው።

ከዚህ የባሰ ግን የገበያው ነገር ነው። ሃምሳ መርከብ በአንድ ሳምንት የጃማይካ ወደብ ኪንግስተን ሲገባ ሁሉም ምስማር፣ ሁሉም ጨርቅ ይዟል። ገዢው ዳር ቆሞ ዋጋው እስኪወርድ ይጠብቃል። ብቻዋን ሮጣ በሦስት ሳምንት የቀደመች መርከብ ግን ሱቆቹ ባዶ ሆነው ታገኛቸዋለች። እንዲህ ያለችው መርከብ ፈጣን፣ ጥቂት መድፍ የጫነች፣ ደፋር ካፒቴን ያላት ናት፤ ያየችውን ሸራ ሁሉ ጠላት ነው ብላ ትሸሻለች። በ1780 እንዲህ መሮጥን የሚከለክል አጠቃላይ ሕግ የለም። ለብዙው መርከብ ኮንቮይ ግዴታ የሆነው በ1798 ነው፤ ያኔም ቢሆን ልዩ ፈቃድ ያወጣ ይሮጥ ነበር።

መዘግየት ሌላም መዘዝ አለው። ከዌስት ኢንዲስ፣ ከካሪቢያን ደሴቶች፣ የሚመለስ መርከብ እስከ ኦገስት 1 ካልተነሣ የዐውሎ ነፋስ ወራት ይይዘዋል፤ መድን ሰጪዎች ይህን ቀን በውል ውስጥ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ሲሄዱ ስፒትሄድ ላይ ያባከኑት ወር፣ ሲመለሱ ስኳርዎን ከነሐሴው ማዕበል ጋር ሊያገናኘው ይችላል።

እንዲህም ሆኖ ለአብዛኛው ነጋዴ ኮንቮይ ይሻላል ባይ ነኝ። የጠላት ወራሪዎች፣ ማለትም ከመንግሥታቸው የመማረክ ፈቃድ የያዙ የግል መርከቦች፣ ትናንሽ ናቸው፤ ብቻዋን የምትሄድን መርከብ አሳደው ይይዛሉ እንጂ 74 መድፍ የጫነ የጦር መርከብ ሥር አይገቡም። ጥበቃው ሲላላ ምን እንደሚመጣ የለንደን ነጋዴዎች በ1707 በሚገባ አይተውታል። ለጌቶች ምክር ቤት ያቀረቡት አቤቱታ መርከብ በመርከብ፣ ኪሳራ በኪሳራ የተዘረዘረ ነበር፤ በዓመቱ ፓርላማው 43 የጦር መርከቦች ለንግድ ጥበቃ ብቻ እንዲመደቡ በሕግ ወሰነ። አቤቱታ እንዲህ ፈጥኖ ፍሬ ሲያፈራ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ግን ደግሞ 1693 አለ። ወደ ሰምርኔስ፣ ወደ ዛሬዋ ኢዝሚር፣ የሚሄዱ 400 ያህል የእንግሊዝ፣ የሆላንድና የሌሎች አገሮች የንግድ መርከቦች በአንድነት ተነሡ። ዋናው የጦር መርከብ ጓድ የፈረንሳይን ጠረፍ እስኪያልፉ ሸኛቸውና ተመለሰ። አድሚራል ጆርጅ ሩክ በጣት ከሚቆጠሩ የጦር መርከቦች ጋር ቀረ። በጁን መጨረሻ በፖርቱጋል ደቡብ ጫፍ፣ ላጎስ አካባቢ፣ የፈረንሳዩ አድሚራል ቱርቪል ከ70 በላይ የጦር መርከቦች ይዞ ይጠብቅ ነበር። ሁለት የሆላንድ የጦር መርከቦች ሌላው እንዲያመልጥ ብለው ተጋፍጠው ተማረኩ። ወደ 90 የሚደርሱ የንግድ መርከቦች ተያዙ ወይም ተቃጠሉ፤ ለዓመታት የተጠራቀመ የሌቫንት (የምሥራቅ ሜዲትራኒያን) ንግድ በሁለት ቀን ጠፋ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩ ሁሉ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ አንበሳውም የት መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል። ኮንቮይ ተደጋጋሚውን ትንሽ ኪሳራ ያስቀርና በምትኩ አልፎ አልፎ የሚመጣ ትልቅ ኪሳራ ያስቀምጣል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ መድን ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

መድፍና ፈቃድ

ሁለተኛው ሐሳብ የራስን መርከብ ማስታጠቅ ነው፤ እሱም አሮጌ ታሪክ አለው። በሜይ 1585 የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ በወደቦቹ ያሉ የባዕድ መርከቦች እንዲያዙ በምስጢር አዘዘ። ቢልባኦ አጠገብ የቆመችውን ፕሪምሮዝ የተባለች የ150 ቶን የለንደን መርከብ ሊይዝ የወጣው የአገሩ ሹም ሰዎቹን ነጋዴ አስመስሎ ተሳፈረ። መርከበኞቹ ግን ተናንቀው የሹሙን ሰዎች ከመርከብ አወረዱና ሹሙን ራሱን፣ የንጉሡን ትእዛዝ እንደያዘ፣ ለንደን ይዘውት ገቡ። በጁላይ የኤልሳቤጥ መንግሥት ዕቃቸው ለተወረሰባቸው ነጋዴዎች የአጸፋ ፈቃድ መስጠት ጀመረ፦ ኪሳራህን የባሕር ጉዳይ በሚዳኘው የአድሚራሊቲ ፍርድ ቤት አስረዳ፣ ከዚያ ወጥተህ ከስፔን መርከብ ላይ ካሳህን ውሰድ። ብዙም ሳይቆይ አንድም ዕቃ ያልጠፋበት ሰው ፈቃዱን ይዞ መውጣት ጀመረ። ካሳ ተብሎ የተጀመረው ነገር ንግድ ሆነ።

በ1780 ፈቃዱ ሥርዓት ያለው ወረቀት ነው። ከ150 በታች ሰው የጫነ መርከብ 1,500 ፓውንድ፣ ከዚያ በላይ የጫነ 3,000 ፓውንድ ዋስትና ያስይዛል፤ የተማረከው ሁሉ በፍርድ ቤት «በሕግ የተማረከ ነው» ካልተባለ በቀር መሸጥ የለበትም። ፈቃዱን የሚያወጡት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጭነት ሳይይዝ ለአደን ብቻ ይወጣል። ሁለተኛው እንደ እርስዎ ዕቃውን ጭኖ ወደ ገበያ የሚሄድ ነው፤ መንገድ ላይ ደካማ ጠላት ካጋጠመው ግን ሕጋዊ ሆኖ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ዓይነት መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ብቻን ለምትሮጥ መርከብ ደግሞ የግድ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም አንድ የተሰወረ ጉድጓድ አለው። ካፒቴንዎ የጠላት ሸራ አይቶ ከመንገዱ ወጥቶ ካሳደደ፣ በመድን ሕግ ከጉዞው መስመር ወጣ ይባላል፤ በውሉ ላይ ማሳደድ እንደሚፈቀድለት ካልተጻፈ መድን ሰጪው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነፃ ነው። የ500 ፓውንድ ምርኮ ሲሉ የ5,000 ፓውንድ መድን ያጣሉ ማለት ነው።

ለአደን ብቻ መውጣትን ግን አልመክርም። የብሪስቶል ነጋዴዎች በ1708 ዱክና ዳችስ የሚባሉ ሁለት መርከቦች አስታጥቀው ከካፒቴን ዉድስ ሮጀርስ ጋር ላኩ። ዓለምን ዞሩ፤ በ1709 መጨረሻ ከማኒላ የምትመጣ የስፔን መርከብ ማረኩ፤ በ1711 ወደ 148,000 ፓውንድ የሚገመት ሀብት ይዘው ተመለሱ። ባለአክሲዮኖቹ ደስ አላቸው። የእንግሊዝን የእስያ ንግድ ለብቻው የያዘው ምስራቅ ህንድ ኩባንያ ክልሌ ተደፈረ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ መርከበኞቹ ድርሻችን ተበላ ብለው ከሰሱ፣ ሮጀርስ ራሱ ደግሞ ቆስሎና ወንድሙን በጦርነቱ አጥቶ መጥቶ ለኪሳራ ተዳረገ። የተሳካው እንዲህ ከሆነ ያልተሳካውን ያስቡት።

የሌላ ሰው ባንዲራ፣ የሌላ ሰው ስም

የእንግሊዝ ባንዲራ ከሆነ ጠላት የሚስበው፣ ማውረድ ነዋ! በዚህ ጦርነት ብዙዎች ይህን ያደርጋሉ። ኦስተንድ፣ በዛሬዋ ቤልጅየም ያለችው፣ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ወደብ ናት፤ ኦስትሪያ ደግሞ ገለልተኛ ናት። መርከቡን ለኦስተንድ ሰው «ሸጥኩ» ብለው ወረቀት ይጽፋሉ፤ ባለቤቱ በልብ ያው እርስዎ ነዎት። ፈረንሳይ ከ1778 ጀምሮ በገለልተኛ መርከብ ላይ ያለ ዕቃን ባመዛኙ አትነካም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ይሠራል። ንጉሠ ነገሥቱ ዮሴፍ 2ኛ በ1781 ወደቧን ነፃ ሲያደርጋት ደግሞ የመርከቡ ብዛት ሌላ ሆነ።

ለእርስዎ ጭነት ግን በሩ ዝግ ነው። የእንግሊዝ የመርከብ ጉዞ ሕግ ወደ ቅኝ ግዛቶቿ የሚሄድ ዕቃ በእንግሊዝ መርከብ ብቻ እንዲጫን ያዛል፤ የኦስተንድ ባንዲራ የሰቀለ መርከብ ኪንግስተን ሲደርስ የሚወርሰው የራስዎ ጉምሩክ ነው። የገለልተኛ ባንዲራ ለአውሮፓ ንግድ የሚሆን መፍትሔ ነው፤ ወደ ሊዝበን፣ ወደ ጣልያን፣ ወደ ባልቲክ የሚልክ ሰው በደንብ ያጥናው።

ስም መዋስ ከባንዲራ መዋስ የቆየ ነው፤ እኔንም ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ እሱ ነው። በስፔኗ ወደብ ካዲዝ የሚነግዱ እንግሊዞች ወደ ስፔን አሜሪካ በስማቸው መላክ አይፈቀድላቸውም ነበር። ስለዚህ ዕቃው በአንድ ስፔናዊ ስም ይጫናል፣ ስፔናዊው ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ብሩ ሲመለስ ለእንግሊዛዊው ያስረክባል። ስፔናዊው ልካድ ቢል የሚከሰስበት ፍርድ ቤት የለም፤ ሥራው ሁሉ በሕግ የተከለከለ ነው። ሆኖም ክሕደት ብርቅ ነበር ይባላል፤ አንዴ የካደን ሰው ሁለተኛ የሚያምነው የለማ። ጦርነት ሲነሣ በስፔናዊ ስም ያለው ዕቃ አይወረስም። በእንግሊዛዊ ስም ያለው ግን ምን እንደሚደርስበት 1718 አሳይቷል፦ በ1667ቱ ውል ጦርነት ቢነሣ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ለማውጣት 6 ወር ይሰጣቸው ነበር፤ ጠቡ ሲመጣ ግን ከስፔን አሜሪካ ጋር የሚነግደው የእንግሊዙ የሳውዝ ሲ ኩባንያ ንብረት ሳይቀር ተያዘ። የውል ቃል ያልጠበቀውን የአንድ ጎረቤት ቃል ጠበቀው።

ገለልተኛ ደሴት ላይ ዕቃ ማስቀመጥስ? ሲንት ዩስታቲየስ የሆላንድ ናት፤ በካሪቢያን ሁሉም ከሁሉም የሚገበያይባት ቋጥኝ። የጎረቤቷ ደሴት የሴንት ኪትስ እንግሊዛውያን ነጋዴዎችም በዚያ መጋዘን አላቸው። እርስዎ ገና ጁን 1780 ላይ ነዎት፣ እኔ ግን የሚመጣውን ስለማውቅ ልንገርዎት፦ በፌብሩዋሪ 1781 ደሴቷን የሚወስዳት ጠላት ሳይሆን የእንግሊዙ አድሚራል ሮድኒ ነው። የሆላንዱን፣ የአሜሪካኑን፣ የአይሁዱን፣ የእንግሊዙንም ነጋዴ ንብረት ሳይለይ ከጠላት ጋር ነግደሃል ብሎ ይወርሳል። የተወረሰባቸው እንግሊዛውያን ለዓመታት በለንደን ፍርድ ቤቶች አሳደዱት። ከምርኮው የሚበዛውን የጫኑት መርከቦች ደግሞ በሜይ ወደ እንግሊዝ ሲቃረቡ የፈረንሳዩ ላ ሞት-ፒኬ ያዛቸውና 22ቱን ብሬስት አስገባ። አንድ ዕቃ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተማረከ፤ መጀመሪያ በወዳጅ፣ ቀጥሎ በጠላት።

መድን፦ ማን ነው የፈረመልዎት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሎይድስ የሚባለው የመድን ፈራሚዎች መሰብሰቢያ ቦታ ከ1774 ጀምሮ ሮያል ኤክስቼንጅ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ትውልዱ ግን በ1680ዎቹ ኤድዋርድ ሎይድ የከፈተው ቡና ቤት ነው። ነጋዴዎችና ካፒቴኖች ቡና እየጠጡ የመርከብ ወሬ ይለዋወጡበት ነበር። ቡናው ከየመን ሞካ ወደብ የሚመጣ ነው፤ ተክሉ ከየት ተሻግሮ የመን እንደገባ ለእኔና ለእናንተ አይነገርም። የሎይድስ ደንብ ለባሽ ሠራተኞች ዛሬም ድረስ «አስተናጋጅ» ይባላሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደላላዎ ውሉን ይዞ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ፈራሚ ከታች ስሙንና የሚሸከመውን ገንዘብ ይጽፋል፣ አንዱ 100 ፓውንድ፣ አንዱ 200፣ አንዱ 300። ድምሩ 5,000 ሲሞላ ውሉ አለቀ። እያንዳንዱ ለፈረመው ብቻ፣ ግን እስከ መጨረሻ ሳንቲሙ ድረስ በግል ሀብቱ ይጠየቃል። ሎይድስ በ1779 ባጸደቀው ውል ላይ የተዘረዘረው አደጋ ረጅም ነው፤ ባሕሩ፣ እሳቱ፣ የጦር መርከቡ፣ ጠላቱ፣ የባሕር ወንበዴው፣ ሌባው፣ በማናቸውም ንጉሥ ወይም ሕዝብ መታገድና መያዝ። የጦርነት መወረስ በዋናው ውል ውስጥ ነው። ዛሬ በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስመጣ የአዲስ አበባ ነጋዴ ይህን ሲያነብ ይቀናል፤ አሁን የጦርነት ስጋት ከተለመደው የጭነት መድን ወጥቶ ለብቻው የሚከፈልበት ነው።

አረቦኑ ከኮንቮይ ጋር የተያያዘ ነው። ለስሌት እንዲመች መቶኛውን 20 እናድርገው፦ ለ5,000 ፓውንድ 1,000 ይከፍላሉ። «በኮንቮይ ተነሥቶ በሰላም ከደረሰ ከመቶ 8 ይመለስለታል» ተብሎ ሲጻፍ 400 ፓውንዱ ወደ ኪስዎ ይመለሳል። ይህ ቅናሽ የዋህ ነው። በሌላ መልክ ሲጻፍ ግን ይነክሳል፤ «በኮንቮይ እንደሚነሣ ዋስትና ተሰጥቷል» የሚል ቃል ካለበት፣ መርከብዎ ኮንቮይ ካጣች ውሉ ፈረሰ። ከወደብ አብሮ መውጣት ብቻም አይበቃም፤ ካፒቴኑ የአዛዡን የጉዞ መመሪያ በጽሑፍ ካልተቀበለ ከኮንቮዩ አልተቀላቀለም ብለው የሚከራከሩ ጠበቆች ሞልተዋል፣ ዳኞችም ይሰሟቸዋል። ከሁለቱ አጻጻፍ ቅናሹን ይምረጡ፤ ዋስትናውን ካልተገደዱ አይፈርሙ።

የሰሙትን አይደብቁ። በ1723 አንድ ነጋዴ የእሱን መርከብ የምትመስል መርከብ ተያዘች የሚል ወሬ ሰማና ዝም ብሎ ሄዶ መድን ገባ። መርከቢቱ እውነትም ተይዛ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ውሉን ሰረዘበት። በ1766 ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ ይህንኑ በሰፊው አጸኑት፦ ስለ ጉዞው የሚያውቀው መድን ገቢው ነው፤ ሰጪው የሚያምነው እሱን ነው፤ ስለዚህ የሚያውቀውን ይናገር።

ያዙልኝ ወዳልኩት ነጥብ ልመለስ። መድን የሚሠራው የአንዱ ኪሳራ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ነው። አንዱ መርከብ በማርች ይያዛል፣ ሌላው በሜይ፣ ብዙዎቹ በሰላም ይደርሳሉ፤ ፈራሚው ከደረሱት አረቦን የተያዙትን ይከፍላል። ኮንቮይ ግን ሃምሳ ስልሳ መርከብን አንድ ዕጣ ያደርጋል። ፈራሚዎቹ ደግሞ ኮንቮይ ይወዳሉ፤ ደኅና ነው ብለው በአንዱ ኮንቮይ ላይ ደጋግመው ይፈርማሉ። እርስዎ በኮንቮይ ልኬ መድንም ገብቼ ሁለት ግንብ አለኝ ይላሉ። ሁለቱ ግንቦች ግን የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው።

በጁላይ መጨረሻ ከፖርትስማውዝ የሚነሣው ድርብ ኮንቮይ፣ የዌስት ኢንዲስና የምስራቅ ህንድ መርከቦች ያሉበት፣ እርስዎ ሊሳፈሩበት ያሰቡት ነው። 63 የንግድ መርከቦች ናቸው። አጃቢዎቹ ራሚሊስ የምትባል 74 መድፍ የያዘች መርከብና ሁለት ፍሪጌቶች (አነስ ያሉ ፈጣን የጦር መርከቦች) ብቻ ናቸው፤ እንደ 1693 ሁሉ ትልቁ የጦር መርከብ ጓድ እስከ መንገድ ሸኝቶ ይመለሳል። ኦገስት 9 ለመንጋት ሲል፣ ከፖርቱጋሉ ሴንት ቪንሰንት ርእሰ ምድር በስተምዕራብ፣ አዛዡ ጆን ሙትሬይ የማያውቀውን መብራት አይቶ መንገድ እንዲቀይሩ ምልክት አሳየ። አብዛኞቹ አልተከተሉትም። ሲነጋ በስፔኑ አድሚራል ሉዊስ ደ ኮርዶባ መርከቦች መካከል ነበሩ። 55ቱ ተያዙ፤ አምስቱ የምስራቅ ህንድ ኩባንያ ትላልቅ መርከቦች ናቸው። ራሚሊስና ፍሪጌቶቹ አመለጡ። ኪሳራው 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ተገመተ፤ ሙትሬይ በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ከአዛዥነቱ ተነሣ።

ወሬው ለንደን ሲደርስ የተመታው ባለመርከቡ ብቻ አልነበረም። በሎይድስ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ፈራሚዎች መክፈል አቃታቸው። በዚያ ጦርነት ከከሰሩት አንዱ ከድንጋይ ከሰል ንግድ ወደ መድን የተሻገረው ጆን ዋልተር ነው፤ በ1782 ያለውን ሁሉ ለአበዳሪዎች አስረክቦ በ1785 ጋዜጣ ጀመረ፣ ያም ጋዜጣ ዛሬ ዘ ታይምስ የሚባለው ነው። ለእሱ ደግ ሆነለት። ስሙ በውላቸው ግርጌ ላይ የነበረ ነጋዴዎች ግን የያዙት ወረቀት ብቻ ነበር። 1693ም እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ በጦርነቱ የከሰሩ ፈራሚዎችን ከአበዳሪዎቻቸው ጋር ለማስማማት የቀረበው ረቂቅ ሕግ በታችኛው ምክር ቤት አልፎ በጌቶች ምክር ቤት ወደቀ።

አማራጭ አለ? በ1720 በንጉሥ ቻርተር የተቋቋሙ ሁለት ኩባንያዎች አሉ፤ ሮያል ኤክስቼንጅ አሹራንስና ለንደን አሹራንስ። ጥንቁቅ ናቸው፤ ደፋር ጉዞ አይወዱም፤ ነጋዴው ወደ ሎይድስ የሚያዘነብለው ለዚህ ነው። ከኋላቸው ያለው ካፒታል ግን ከአንድ ሰው ሀብት ጋር አይወዳደርም፤ በኦገስት 9 ዓይነት ቀን የሚፈልጉት ደግሞ ይህንኑ ነው።

ከተያዙ በኋላ

እዚህ ጥቂት ምርጫዎች ይቀራሉ፤ የሚመርጠው ግን ካፒቴኑ ነው፣ ስለዚህ ሳይነሣ ትእዛዝ ይስጡት። ትንሽ ወራሪ ከያዘው በቤዛ መለቀቅ ይችላል። የቤዛ ወረቀት ይጻፋል፤ ካፒቴኑ ቅጂውን ይዞ ይቀጥላል፤ በተወሰነው መንገድና ቀን ውስጥ ሌላ የዚያ አገር ወራሪ ቢያገኘው ወረቀቱ መሸኛ ይሆነዋል። አንድ የመርከቡ ሰው ግን መያዣ ሆኖ ይቀራል፤ ባለመርከቡ እስኪከፍል ድረስ ዱንኬርክ ወይም ሴንት ማሎ እስር ቤት ይቆያል። ዕዳውን ሲከፍሉ የሚዘገዩ ባለመርከቦች ነበሩ፤ ያ ሰው ሌት ተቀን ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም። ለማንኛውም በ1782 ፓርላማው የቤዛን ነገር ከለከለ።

የእንግሊዝ መርከብ መልሶ ካስጣለልዎት ንብረትዎ ይመለሳል፣ ወሮታ ግን ይከፍላሉ። ያስጣለው የንጉሥ መርከብ ከሆነ አንድ ስምንተኛ። ፈቃድ ያለው የግል መርከብ ከሆነ በሰዓት ይቆጠራል፦ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ስምንተኛ፣ እስከ 48 ሰዓት አንድ አምስተኛ፣ እስከ 96 ሰዓት አንድ ሦስተኛ፣ ከዚያ በላይ ግማሽ። መድን ካለዎት ደግሞ በ1758 የተፈረደውን ያስታውሱ፤ መርከቧ ከጠላት እጅ ብትመለስም፣ ጉዞው ከተበላሸ ቀሪውን ለመድን ሰጪዎች ትተው ሙሉውን ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ይህን ሳይዘገዩ ያሳውቋቸው።

ስለ መርከበኞቹ የሚያስብ አለ? መርከቡ ከተያዘ የጭነት ኪራይ የለም፣ ኪራይ ከሌለ ደመወዝ የለም፤ ሕጉ ይህ ነበር። እስር ቤት የገባው ሰው የሠራበትን ወራት ሁሉ በከንቱ ሠርቷል። በዚህ ሁሉ ንጽጽር ውስጥ ምንም ምርጫ ያልተሰጠው እሱ ነው።

ለእርስዎ 5,000 ፓውንድ

እኔ ብሆን 5,000ውንም በአንድ ወቅት አልልክም። ጨርቁና ምስማሩ አይበላሹም፤ 2,500 ፓውንድ የሚያህለውን በኮንቮይ እሰዳለሁ፣ በሁለት መርከብ ከፍዬ ግን አልመጻደቅም፤ በአንድ ኮንቮይ ያሉ ሁለት መርከቦች በኦገስት 9 እንደ አንድ ናቸው። 1,500 የሚሆነውን፣ ገበያ ላይ ቶሎ ዋጋ የሚያወጣውን፣ የመማረክ ፈቃድ ባላት ፈጣን መርከብ ብቻዋን እልካለሁ፤ ካፒቴኑ እንዳያሳድድ በጽሑፍ አዝዤ። ሥጋው ስፒትሄድ ላይ ከሚገማ እዚሁ ለባሕር ኃይሉ ቢሸጥ ይሻላል። የቀረውን ለቀጣዩ ኮንቮይ አቆየዋለሁ።

መድኑን ደግሞ በግልባጭ እሠራዋለሁ። ብቻዋን የምትሮጠውን ለሎይድስ ፈራሚዎች፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ግን የእሷ መያዝ ማንንም አያከስርም። የኮንቮዩን ከሮያል ኤክስቼንጅ አሹራንስ ጋር፣ ቢያንስ ከግማሽ በላዩን። የተረፈውን ደላላዬ ሎይድስ ያዙርልኝ፤ ፈራሚ ባመጣልኝ ቁጥር ግን ከጻፈው ገንዘብ በፊት ስሙን አነባለሁ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ፦ «ይህ ሰው በዚሁ ኮንቮይ ላይ ሌላ ስንት ፈርሟል?» ደላላው ካመነታ ወረቀቱን ተቀብዬው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ እሄዳለሁ።